«የደም ማነስ ነው» አልኳት

በዚያ ዘመን ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ እኔን ያህል ለሰው የተረጎመ ሐበሻ አልነበረም ብል ጉራ አይሆንብኝም። ለዌልፌር ቢሮ ተርጉሜያለሁ፤ ለኢሚግሬሽን ተርጉሜያለሁ፤ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሦስት ጊዜ ለወደቀ ሰውዬም ፈታኙን ለምኜለታለሁ። በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት ከመጡት ስለነበርኩ፣ ኋላ በሱዳን በኩል የመጣው ስደተኛ ሁሉ ስልኬን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። «ዓባይነህ ካለ ምን ችግር አለ» ሲሉ እሰማና ደረቴን እነፋለሁ። በዚያ ሁሉ ትርጉም ውስጥ የዋሸሁት ለአንዲት ሴት ብቻ ነው። እሷም በዓለም ላይ ከማንም አስበልጬ የምወዳት እትዬ ሀረገወይን ናት።

እትዬ ሀረግ የታላቅ ወንድሜ ሚስት ናት። ከደብረ ብርሃን ለትምህርት አዲስ አበባ ስገባ እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ እሷ የሃያ ዓመት ሙሽራ ነበርን። ሌላዋ ብትሆን «ገና ሳንጠግብ ዘመድ መጣብን» ብላ ፊቷን ታጠቁር ነበር። እሷ ግን የባሏን ሸሚዝ አቆይታ የእኔን ዩኒፎርም አስቀድማ ትተኩሳለች። ፈተና ወድቄ ወንድሜ ቀበቶውን ሲፈታ መሃል ገብታ «እኔን ምታ» ትለዋለች። ጥርሷ ፍንጭት ነው፤ ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን አታውቅም።

ወንድሜን በዚያ ክፉ የቀይ ሽብር ዓመት ገደሉት። እሷ የሰባት ዓመት ልጇን ወይንሸትን እጇን ይዛ በመተማ በኩል ሱዳን ገባች። ገዳሪፍ ውስጥ አራት ዓመት ለሰው ወጥ እየሠራች ቆየች። በ1982 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ እኔ ዋስ ሆኜ ፈርሜላት ኦክላንድ የመጣችው። ፍሩትቬል በሚባል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ አነስተኛ አፓርትመንት ተከራየች፤ ከቤቷ ጥቂት መንገድ ራቅ ብሎ ባለ ነርሲንግ ሆም በሚሉት የሽማግሌዎች መጦሪያ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠረች። ቀኑን ሙሉ አንሶላ ታጥፋለች። ሽማግሌዎቹን ሁሉ በአማርኛ «እንዴት አደሩ?» ትላቸዋለች፤ እነሱም ፈገግ ብለው በእንግሊዝኛ ይመልሱላታል። «ካንተ ትርጉም ውጭ እንግባባለን» እያለች ታሾፍብኛለች።

በ1985 መስከረም ላይ ወይንሸት ወደምኖርበት ሳን ሆዜ ደወለችልኝ። አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል፤ አማርኛው ሁሉ ይገባታል፣ ከአፏ የሚወጣው ግን እንግሊዝኛ ነው። «ማም ደረጃው ላይ ትቀመጣለች» አለችኝ በእንግሊዝኛዋ፤ «ኤቭሪ ዴይ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ።» ቅዳሜውን ሄድኩ። እትዬ ሀረግ አንሶላው ስለበዛ ነው አለችኝ። ስጨቀጭቃት ጊዜ ድምጿን ቀነስ አድርጋ፣ «ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ይንደፋደፍና ደግሞ ይተወኛል» አለች። ሰኞ ዕለት ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ክሊኒክ ወሰድኳት።

ዶክተሯ ፊቷን ጠቃጠቆ የሞላው ወጣት ፈረንጅ ነበረች። የልብ ምት የሚያነበውን ማሽን ሽቦ እትዬ ሀረግ ደረት ላይ አጣብቀው ወረቀቱን ሳቡ። እኔ ሥራዬ ማውንቴን ቪው ውስጥ ባለ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ቦርድ መፈተሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ሲግናል ሳነብ ነው የምውለው። ዶክተሯ ወረቀቱን ዘርግታ ከማስረዳቷ በፊት ገባኝ። ረጃጅሞቹ ጫፎች ርቀታቸው አንድ አይደለም፤ አንዱ ቶሎ ይመጣል፣ ሌላው ይዘገያል፤ በመካከላቸው ትንሽ ጉብታ ሊኖር በሚገባበት ቦታ የሚንቀጠቀጥ መስመር ብቻ ነው ያለው። እንዲያውም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ስለገባኝ ደስ አለኝ።

«ልብ አራት ክፍል አላት» አለች ዶክተሯ። «ላይኞቹ ሁለቱ በተራቸው ጭምቅ እያሉ ደሙን ወደታች መላክ ነበረባቸው። የሷ አይጨመቁም፤ ይንቀጠቀጣሉ። ለዚህ ነው ምቱ የተዛባው።» ከዚያ በልጅነቷ ጉሮሮዋን አሟት እንደሆነ እንድጠይቃት ነገረችኝ። ጠየቅኋት። እትዬ ሀረግ በስምንት ዓመቷ ጉሮሮዋ አብጦ አዋቂ እንጥሏን በምላጭ እንደቆረጣት፣ ከዚያ ደግሞ ጉልበቷ አብጦ ወር ሙሉ እንደተኛች አወራች። ዶክተሯ ይህንኑ ስትጠብቅ እንደቆየች ሁሉ ራሷን ነቀነቀች። ያኔ ያልታከመው የጉሮሮ በሽታ የልቧን በር እንዳበላሸ፣ የበሩ መበላሸት ደግሞ ምቱን እንዳዛባ ነገረችኝ። «የሚያስፈራኝ ምቱ ራሱ አይደለም» አለች። «በማይጨመቀው ክፍል ውስጥ የቆመ ደም ይረጋል። ከረጋው ቁራጭ ተነሥቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል።»

ሁለት መድኃኒት አዘዘች። አንዱ ምቱን ያረጋጋል። ሁለተኛው ደሙ እንዳይረጋ የሚያቀጥን ነው፤ እሱ አስቸጋሪ ነው። ሲበዛ ያደማል፣ ሲያንስ ደሙ ይረጋል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መዋጥ አለበት፤ በየጥቂት ሳምንቱ የደም ምርመራ አለው። የምትበላው አረንጓዴ ቅጠልም በአንዴ መብዛት የለበትም፤ ቅጠሉ የመድኃኒቱን ኃይል ያጠፋዋል። ይህ ሁሉ የተጻፈበት ወረቀት ሰጠችኝ። «እያንዳንዱን ንገራት» አለች። «ጥያቄ ካላትም ጠይቃት። ጊዜ አለኝ።»

ዞር ስል እትዬ ሀረግ የሐኪም ቤቱን ስስ ልብስ በደረቷ ላይ ጨብጣ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። «ልብ እንዳይሆን ብቻ» አለችኝ። እናቷ ወንፊት እንደያዘች ነው ድንገት የሞተችው፤ «ልቧ ቀጥ አለ» ተብሎ ነው የተለቀሰላት። ይህን ታሪክ በልጅነቴ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ዶክተሯ ትጠብቃለች። እትዬ ሀረግ ትጠብቃለች። እኔ አፌን ከፈትኩ።

«የደም ማነስ ነው» አልኳት። «ሁለት ኪኒን አዛልሻለች፤ በየጊዜው ደምሽን ያዩታል። ሌላ ነገር የለውም።»

«ተመስገን!» ብላ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። እትዬ ስትደሰት አይታ ዶክተሯ ግራ ገባት። «ጥያቄ የላትም?» ብትለኝ «የላትም፤ ገብቷታል» አልኩ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

አሁን ሰው ሁሉ ይፈርድብኛል፤ ይፍረድብኝ። ግን በሽታ እንዴት እንደሚነገር አገሬ ያስተማረኝ እንደዚያ ነበር። ፈረንጅ የሰውን በሽታ ፊት ለፊቱ እንደ ፍርድ ወረቀት ያነብለታል። እኛ ዘንድ ለዘመድ ነው የሚነገረው፤ ዘመድ ይሸከመዋል፣ በሽተኛው ተስፋውን ይዞ ይተኛል። አጎቴ በካንሰር ሲሞት «ጨጓራ ነው» እያልን ነው የቀበርነው፤ ማንም ውሸታም አላለንም። እኔም ሸክሙን የተሸከምኩላት መሰለኝ። የተሸከምኩት ግን እውቀቱን ብቻ ነበር፤ በሽታውን ለብቻዋ እሷ ተሸክማዋለች።

የመጀመሪያዋ የነቃችብኝ ወይንሸት ናት። በሁለተኛው ሳምንት ልጠይቃቸው ስሄድ የኪኒኑን ጠርሙስ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። «አንክል፣ ይሄ የአኒሚያ አይደለም» አለችኝ ቀስ ብላ በእንግሊዝኛ። «የትምህርት ቤታችንን ነርስ ጠይቄአታለሁ። የደም ማቅጠኛ ነው። ኢዝ ኢት ኸር ኸርት?» ልቧን ነው ወይ የሚያማት ማለቷ ነው።

በአሥራ አራት ዓመት ልጅ መያዜ አናደደኝ መሰለኝ። «እናትሽን መግደል ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። «ይህን አንድ ቀን ከአፍሽ ብታወጪ በድንጋጤ ክልትው ነው የምትልልሽ። ዝም በዪ!» ዓይኗ እንባ ሞላ። ጠርሙሱን ወስዳ ቦታው መለሰችው። እኔ ገብቼ ከእትዬ ሀረግ ጋር እየተሳሳቅሁ እራቴን በላሁ።

የፈረንጁን ክረምት ደህና ሆነች። ምቱን የሚያረጋጋው ኪኒን ስለሠራላት ደረጃውን ሳትቀመጥ ትወጣ ጀመር። «አየህ፣ ደሜ ተመለሰ» ትለኛለች። እኔም ውሸቴ ያዳናት ይመስል ኮራሁ። የካቲት መጨረሻ ላይ ግን ሥራ ቦታ ድንገት ዓይኗ ጨለመባትና አንሶላው ክምር ላይ ተደገፈች። ለአፍታ ነው፤ ወዲያው ተነሣች። ለእኔ የነገረችኝ እንደ ቀልድ ነው። እኔ ግን እንደ ቀልድ አልሰማሁትም። ልንገራት አልኩ። ዶክተሯ «ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል» ያለችው ቃል ቦርድ ስፈትሽ ሁሉ በጆሮዬ ያቃጭላል።

ብቻዬን መንገር ፈራሁና ኤል ሴሪቶ ከተማ ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ አዲስ አበባ ዳኛ ነበሩ፤ እዚህ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። መርዶ የሚረዳ፣ ባልና ሚስት የሚታረቅ ከሆነ ያለሳቸው አይሆንም። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አጫወትኳቸው። ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሙኝ።

«ደግ አድርገሃል» አሉኝ። «በሽተኛን በበሽታው ስም አይጠሩትም።»

«ጋሼ፣ ግን መድኃኒቱ ጥንቃቄ አለው። ካላወቀች እንዴት ትጠነቀቃለች?»

«አንተ ተጠንቀቅላታ! ምን ልትሠራ ነው የተማርከው?» አሉ። ቀጠሉና ደግሞ ድምፃቸውን አለዘቡ። «ልጄ፣ ትነገር ግድ የለም። ግን ሁዳዴ ሊገባ ነው። በጾም፣ በባዶ ሆዷ እንዲህ ያለ ነገር አይነገራትም። ፋሲካ ይውጣ። እኔ ራሴ ሁለት ሦስት ሰው ይዤ እመጣለሁ፤ ከበን አጫውተን ቀስ ብለን እንነግራታለን።»

እንዴት ያለ እፎይታ እንደተሰማኝ ልናገር አልችልም። ቀጠሮው ለእሷ የተሰጠ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ለእኔ ለፈሪው ነው የተሰጠኝ። ከኤል ሴሪቶ እስከ ሳን ሆዜ እያፏጨሁ ነዳሁ።

ሁዳዴ ገባ። እትዬ ሀረግ ጾም ላይ ቀልድ አታውቅም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አትቀምስም። ስትፈታ ደግሞ የምትበላው ጎመን ነው። ፍሩትቬል ገበያ ላይ ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ጥቁር አረንጓዴ ጎመን በእስር በእስር አግኝታለች። በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ትሠራዋለች፤ እሁድ በትልቅ ድስት ሠርታ ሳምንቱን ሙሉ ትበላለች። ደግሞስ የደም ማነስ አለብሽ የተባለች ሴት ምን ትብላ? «ጎመን ደም ይሆናል፤ ቀይ ሥሩም እንደዚያው» እያለች ከወትሮው እጥፍ አደረገችው። ለእኔም በፕላስቲክ ዕቃ እየሞላች ሳን ሆዜ ድረስ ታስይዘኛለች። ጣፋጭ ነበር። ሥራ ቦታ አሙቄ እበላዋለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ወይንሸት ደወለችልኝ። «አንክል፣ ከፋርማሲው በመጣው ወረቀት ላይ ግሪን ሊፍስ ይላል» አለች። «ማም በየቀኑ ጎመን ነው የምትበላው። ጎመን ግሪን ሊፍ ነው፣ ራይት?»

እንዲህ ነው እንግዲህ ያልኳት፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «እሱ ስፒናች ነው፣ እሱ የፈረንጅ ሰላጣ ነው። ጎመን ሌላ ነው። በሁዳዴ ጎመን ልትከለክያት ነው? ምን ትብላ፣ ሥጋ? ዶክተር ስትሆኚ ትነግሪኛለሽ።» ስልኩን ዘጋሁ። ዶክተሯ አረንጓዴ ቅጠል ስትል በዓይነ ኅሊናዬ የመጣው የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ቀን ቀን እንደ ጥንቸል የሚቆረጥሙት ጥሬ ሰላጣ ነበር። የእናቴን፣ የእትዬን ጎመን እንዴት ብዬ ከዚያ ልቁጠረው? ያ ሁሉ እንግሊዝኛ ይዤ ቅጠል ምን እንደሆነ አላወቅሁም።

ከመጻጉዕ እሁድ በኋላ የደም ምርመራ ቀጠሮ ነበራት። ይዣት ሄድኩ። ዶክተሯ የምርመራውን ወረቀት አይታ ፊቷን አጨማደደች። «ደሟ እንደሚፈለገው አልቀጠነም» አለች። «ኪኒኑን በየቀኑ ትውጣለች? አመጋገቧ ላይ የተለወጠ ነገር አለ? እባክህ ጠይቃት።»

እትዬ ሀረግ ከጎኔ ተቀምጣለች። መጠየቅ ብቻ ነበር። ጥያቄው ግን ጥያቄ ይወልዳል፤ «ለደም ማነስ ጎመን ብበላ ምን አላት?» ትለኛለች፤ ከዚያ ሁሉም ይዘረገፋል፤ ፋሲካ ደግሞ ገና አንድ ወር ነው። ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ያሉት እንዲህ በችኮላ፣ በባዶ ሆዷ አልነበረም። ወደሷ ዞሬ «ደህና ነሽ ወይ ትላለች» አልኳት። «ደህና ነኝ በላት፤ እግዜር ይስጣት» አለች እትዬ ሀረግ። ወደ ዶክተሯ ዞርኩ። «በየቀኑ ትውጣለች፤ የተለወጠ ነገር የለም» አልኩ። ዶክተሯ ያልኩትን ጻፈች። መጠኑን በጥቂቱ ጨምራ ከአራት ሳምንት በኋላ እንድንመለስ ቀጠረችን።

«ምን አለችህ?» አለችኝ እትዬ ሀረግ መኪና ውስጥ።

«ደምሽ ጥሩ ነው አለች።»

«አላልኩህም?» ብላ ጉልበቴን መታ መታ አደረገች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ወለምታ እንኳ አልነበረም፣ አስቤበት ያደረግሁት ነው።

ኋላ እንደሰማሁት በየቀኑም አትውጠውም ነበር። ባዶ ሆድ ላይ ያቃጥለኛል ብላ ጠዋት መዋጡን ተወች። ማታ ትዝ ካላት ትውጣለች፣ ካላላት ይታለፋል። ሰሙነ ሕማማት ሲገባማ እስከነአካቴው አቆመችው። ስግደት ላይ ነበረች። የደም ማነስ ለአንድ ሳምንት ኪኒን ቢቀርበት ማን ይሞታል? እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አቆመው ነበር።

ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ወይንሸት ቦርሳዋን አንግታ ትምህርት ቤት ልትሄድ ስትል፣ እናቷ ወጥ ቤት ውስጥ የያዘችው ኩባያ ከእጇ ወደቀ። ልታነሣው ጎንበስ ስትል ራሷም ወደቀች። ወይንሸት «ማም፣ ማም» ስትላት ፊቷ በአንድ ወገን ወርዶ ነበር። ልጅቱ አምቡላንስ ጠራች። ሰዎቹ ሲመጡ በሽታዋን፣ የሁለቱን መድኃኒት ስምና መጠን፣ ቆጥራ ያገኘችውን የቀረ ኪኒን ብዛት ሳይቀር በጥርት ያለ እንግሊዝኛ ነገረቻቸው። አስተርጓሚ አልፈለጉም። ለእኔ የደወለችው ከዚያ በኋላ ነው።

ከማውንቴን ቪው እስከ ኦክላንድ እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። «ድንግል፣ ይህን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ይህን አንድ ጊዜ» እያልኩ እንደነበር ብቻ ነው የማስታውሰው። ወይንሸት ድንገተኛ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ጃኬቷን እንደለበሰች ቆማለች። ላቅፋት ስል ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«አይ ዲድንት ቴል ኸር» አለችኝ። «ዩ ሰይድ ዶንት ቴል ኸር። ሶ አይ ዲድንት።» እንዳትነግሪያት ስላልከኝ አልነገርኳትም ማለቷ ነው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከልቧ የተነሣ የረጋ ደም አንጎሏ ውስጥ ገብቶ ነበር። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አሉ። የባሰው ግን አፏ ነው። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ዝም ብላ ዋለች። ቅዳሜ ጠዋት፣ ነርሷ ትራሷን ስታስተካክልላት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ወጣት። «እሺ» አለች። ዘልዬ ተነሣሁ፤ ነርሷን ልስማት ምንም አልቀረኝ። «እትዬ፣ ውኃ ልስጥሽ?» አልኳት። «እሺ» አለች። ውኃውን ሳቀርብላት አፏን ዘጋች። «አልፈለግሽም?» አልኳት። «እሺ» አለች። «እኔ ማን ነኝ?» አልኳት። ዓይኖቿ ፊቴ ላይ ተንከራተቱ፤ ከንፈሯ ብዙ ታገለ። «እሺ» አለች።

ያ ሁሉ ወሬዋ፣ ያ ሁሉ ተረቷ፣ ስድቧና ምርቃቷ ሄዶ የቀረላት ያቺ አንዲት ቃል ናት።

ጠቃጠቆ ያለባት ዶክተር ወሬውን ሰምታ ከክሊኒክ በዚያው ቅዳሜ መጣች። የምርመራውን ውጤት ይዛለች። «መድኃኒቱን ጨርሶ የማትወስድ ያህል ነው» አለች። «እኔ የሚገባኝ ነገር አይደለም። ምን ነበር የምትበላው?» ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችው ወይንሸት ናት የመለሰችላት፤ «ኮላርድ ግሪንስ። ኤቭሪ ሲንግል ዴይ፣ ለሰባት ሳምንት» አለች፤ ኮላርድ ግሪንስ የሚሉት ጎመንን ነው። ዶክተሯ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «ጠይቀሃት ነበር እኮ» አለችኝ። «የተለወጠ ነገር የለም አለች ብለኸኝ ነበር።»

«አልጠየቅኳትም» አልኩ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። «ስለ ልቧም አልነገርኳትም። አንድም ቀን አልነገርኳትም። የደም ማነስ ነው ያልኳት።»

እንድትሰድበኝ ጠበቅሁ። ከሥራው እንዳባረሩት ሰው እንድታስወጣኝ ጠበቅሁ። እሷ ግን የእትዬ ሀረግን ግራ እጅ ያዘች። «የምትሰማው አብዛኛው ሊገባት ይችላል፤ ላይገባትም ይችላል» አለች። «አሁን ንገራት። ሁሉንም። እዚሁ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።»

ወንበሬን አስጠግቼ ነገርኳት። የልቧ ላይኛው ክፍል እንደማይጨመቅና እንደሚንቀጠቀጥ ነገርኳት። የጉሮሮዋን፣ የጉልበቷን እብጠት፣ የተበላሸውን የልብ በር ነገርኳት። ኪኒኑ ምን እንደነበረ፣ ጎመኑ ምን እንዳደረገው ነገርኳት። እሷ ሳትጠየቅ እኔ እንደመለስኩላት፣ ልጇን ዝም እንዳሰኘሁባት ነገርኳት። ከፋሲካ በኋላ ልንነግርሽ ተማክረን ነበር አልኳት፤ ፋሲካ ነገ ነው። የሚገርመው ነገር፣ አማርኛው ሁሉ ነበረ። አንድም ቃል አልጎደለኝም። በመስከረምም ብነግራት አሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

እትዬ ሀረግ ሳታቋርጥ ታየኛለች። በግራ ዓይኗ ጫፍ እንባ ወርዶ ጆሮዋ ላይ ደረሰ። ለእኔ ይሁን፣ ለራሷ ይሁን፣ ከሕመሙ ይሁን አላወቅሁም።

«እትዬ፣ ገባሽ?» አልኳት።

«እሺ።»

«እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግሁሽ። ይቅር ትይኛለሽ?»

«እሺ።»

«ወይስ አትይኝም?»

«እሺ» አለች፤ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ዓይን።

ዶክተሯ ከኋላዬ ጠየቀችኝ። «ምን አለች? ገብቷታል?»

«‹እሺ› ነው ያለችው» አልኩ። «ምን ማለቷ እንደሆነ ግን አላውቅም።»